ልጁ የታየበት ቦታ፦ የሕፃናት የባሕርይና የስሜት መታወክ ዕውቀት ታሪክ



አማርኛችን በቁጣ ጊዜ ከሚያወጣቸው ስድቦች አንዱ «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ነው። ስድቡ የሚወረወረው በልጁ ላይ ነው፤ ክሱ የሚያርፈው ግን በአሳዳጊው ላይ ነው። በሌላ በኩል ያው ቋንቋ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ብሎ ልጁንም አሳዳጊውንም ነጻ ያወጣል። የልጅ ጠባይ ሲታወክ ጥፋቱ ያሳደገው ሰው ነው ወይስ አብሮት የተፈጠረ ነገር? በእነዚህ ሁለት አነጋገሮች መካከል ያለው ይህ ክርክር የሥነ አእምሮ ሕክምናም ከመቶ ዓመት በላይ ሲመላለስበት የኖረ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ንድፈ ሐሳቦች ቅብብሎሽ ነው፤ አንዱ ሊቅ ሲወድቅ ሌላው ይነሣል። እኔ በሌላ በር ልገባ እወዳለሁ። ሐኪሙ የደረሰበትን መደምደሚያ በብዙው የወሰነው ልጁን ያየበት ቦታ ነው የሚል እምነት አለኝ። በሆስፒታል አልጋ አጠገብ የቆመ፣ በማሳደጊያ ቤት የሚኖር፣ በከተማ ክሊኒክ ተቀምጦ የሚጠብቅ፣ ሁሉም የየራሳቸውን ልጅ አዩ፤ ካዩት ልጅ ተነሥተውም ስለ ልጅ ሁሉ ተናገሩ።

በመጋቢት 1902 ጆርጅ ፍሬድሪክ ስቲል የተባለ የለንደን የሕፃናት ሐኪም በንጉሣዊው የሐኪሞች ኮሌጅ ሦስት ተከታታይ ንግግሮች አደረገ። ያቀረባቸው ልጆች የማሰብ ችሎታቸው ያልጎደለ፣ ነገር ግን ቁጣቸውን መግታት፣ እጃቸውን መሰብሰብ፣ በአንድ ነገር ላይ ማተኮር ያቃታቸው ነበሩ። ስቲል ሁኔታውን «የሥነ ምግባር ቁጥጥር ጉድለት» አለው። ቃሉ ዛሬ ለጆሮ ይከብዳል፤ ሆኖም ከስሙ ይልቅ ያስተዋለው ነገር ይበልጣል። ከልጆቹ አንዳንዶቹ በደህና ቤት ያደጉ ነበሩ፤ ቅጣትም አይመልሳቸውም ነበር። ስቲል የሆስፒታል ሰው ነበርና ምክንያቱን በአካልና በዘር ውርስ ውስጥ ፈለገ።

ብዙ ሳይቆይ ለዚህ አስተሳሰብ አሳዛኝ ድጋፍ ተገኘለት። በ1917 ኮንስታንቲን ፎን ኤኮኖሞ በቪየና የገለጸው፣ ሰውን በእንቅልፍ የሚጥል የአንጎል መቆጣት በሽታ በሚቀጥሉት ዓመታት በብዙ አገሮች ተዛመተ። ከሞት ከተረፉት ልጆች ብዙዎቹ ሲያገግሙ የቀድሞዎቹ ልጆች አልነበሩም። ጨዋ የነበረው ይሰርቃል፣ ዝምተኛው ይማታል፣ ሌሊት አይተኛም፣ ቀን አርፎ አይቀመጥም። ወላጁ ያው ነው፤ ቤቱም ያው ነው፤ የተለወጠው አንጎሉ ብቻ ነው። «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው ክስ በእነዚህ ልጆች ፊት መቆም አልቻለም።

በአሜሪካ ሮድ አይላንድ፣ በምሥራቅ ፕሮቪደንስ፣ በ1931 የተከፈተው የብራድሌይ ማሳደጊያ የዚያው ዘመን ልጅ ነው። መሥራቹ ጆርጅ ብራድሌይ ያቋቋመው የአንጎል መቆጣት ባሕርይዋንና አካሏን በጎዳው በልጁ በኤማ ስም ነበር። ዘመዱ የሆነው ሐኪም ቻርልስ ብራድሌይ በዚያ ሲሠራ፣ በአንጎል ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ አውጥቶ በምትኩ አየር በማስገባት የራጅ ምስል የማንሣት ዘዴ ይጠቀም ነበር። ዘዴው ልጆቹን በከባድ ራስ ምታት ያሠቃያቸዋል። ብራድሌይ ፈሳሹ ቶሎ እንዲተካ ያግዛል ብሎ ቤንዜድሪን የተባለውን አነቃቂ መድኃኒት ሰጣቸው። ራስ ምታቱ እምብዛም አልተሻለም፤ መምህራኑ ግን ልጆቹ በክፍል ውስጥ እንደ ተለወጡ ተናገሩ። በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ መድኃኒቱን ለአንድ ሳምንት ከወሰዱ 30 ልጆች መካከል 14ቱ በትምህርታቸው አስደናቂ መሻሻል እንዳሳዩ ገለጸ። ልጆቹ ራሳቸው ኪኒኑን የሒሳብ ኪኒን ይሉት ነበር።

ይህ ለውጥ ሊታይ የቻለው ማሳደጊያው በግቢው ውስጥ ትምህርት ቤት ስለነበረው ነው። በወር አንድ ጊዜ ልጁን በክሊኒኩ ለሩብ ሰዓት የሚያይ ሐኪም የሒሳብ ደብተሩን አያይም። ሌላም ትምህርት አለው። ብዙ ሰዎች መድኃኒቱ ስለሠራ ችግሩ የአንጎል ሕመም መሆኑ ተረጋገጠ ብለው ደመደሙ። ጁዲት ራፖፖርትና ባልደረቦቿ በ1978 ተመሳሳይ አነቃቂ መድኃኒት ምንም ችግር ለሌለባቸው ወንዶች ልጆች ሰጥተው እነርሱም ረጋ እንዳሉና ትኩረታቸው እንደ ጨመረ አሳዩ። እንግዲህ የፈውሱ መሥራት የሕመሙን ምክንያት አይመሰክርም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወላጆችን በሚመለከት እመለስበታለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ሰው ያስለቀሰው ምዕራፍ የኦቲዝም ነው። ሊዮ ካነር በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ፣ የሕፃናት ሥነ አእምሮ ክሊኒክ ከ1930 ጀምሮ ይመራ ነበር። በ1943 የ11 ልጆችን ታሪክ አሳተመ፤ ስምንቱ ወንዶች፣ ሦስቱ ሴቶች። ልጆቹ ከሰው ጋር የመግባባት ችሎታ ከልደታቸው ጀምሮ የጎደላቸው ናቸው አለ። በዚያው ጽሑፍ ግን ወላጆቻቸው እጅግ የተማሩ፣ ከእነርሱም መካከል ልበ ሙቅ የሚባሉት ጥቂት መሆናቸውን ጨመረ። በ1949 ደግሞ የወላጆችን ቅዝቃዜ አጉልቶ ጻፈ።

ለመሆኑ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ አሜሪካ፣ የልጁን ሁኔታ በጽሑፍ መዝግቦ፣ የባቡር ወጪ ችሎ፣ ባልቲሞር ድረስ ሄዶ ስሙ የገነነ ሊቅን የሚያማክር ወላጅ ማን ነው? የተማረና ገንዘብ ያለው ነው። የገበሬውና የፋብሪካ ሠራተኛው ልጅ በካነር በር አላለፈም። የክሊኒኩ በር ያጣራውን ካነር የበሽታው ጠባይ አድርጎ ወሰደው።

ብሩኖ ቤትልሃይም ይህን ጥርጣሬ ወደ ፍርድ ለወጠው። በቺካጎ ለረጅም ዓመታት የታወኩ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት መርቷል። ከዚያ በፊት በዳካውና በቡኸንቫልድ የናዚ ማጎሪያ ካምፖች ታስሮ ነበር። በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ በማጎሪያ ካምፕ ተስፋ ከቆረጠ እስረኛ ጋር አነጻጸረ። በዚህ ንጽጽር እናቲቱ የምትይዘውን ቦታ መናገር አያስፈልገኝም። ሕክምናውም ከዚሁ የመነጨ ነበር፦ ልጁን ከወላጆቹ መለየት። ልጇ የማያያት፣ የማይጠራት እናት በዚያ ላይ «አንቺ ነሽ ያደረግሽው» ትባል ነበር።

መልሱ የመጣው ከአባት ነው። በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ምሁር ነበር፤ ልጁ ኦቲዝም ነበረበት። በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ የወላጅ ጥፋት የተባለው ንድፈ ሐሳብ ማስረጃ እንደሌለው አሳየ። መቅድሙን የጻፈለት ካነር ራሱ ነበር። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 መንታዎችን አጠኑ። ከ11ዱ ከአንድ እንቁላል ከተገኙ ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከ10ሩ ከሁለት እንቁላል ከተገኙት ግን በአንዱም እንዲህ አልሆነም። በዘር ውርስ ላይ የተደረገው ምርምር ከዚህ በኋላ ሰፋ።

ስለዚህ አስተዳደግ ምንም አይደለም እንበል? እዚህ ላይ ጆን ቦልቢን መዝለል አይቻልም። በለንደን የሕፃናት ምክር ክሊኒክ ያያቸውን 44 ሌባ ልጆች በ1944 መርምሮ፣ ፍቅር የማያውቁ ካላቸው 14 ልጆች 12ቱ በጨቅላነታቸው ከእናታቸው ለረጅም ጊዜ ተለይተው እንደነበር ገለጸ። እርሱም ያየው ወደ ክሊኒክ የመጡትን ነው፤ ተለይተው ኖረው ያልሰረቁትን አላየም። ይሁን እንጂ በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ያቀረበው ሪፖርትና ባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን በ1952 በሆስፒታል ብቻዋን ስለቀረች የሁለት ዓመት ልጅ የሠራው ፊልም የሆስፒታሎችን በር ለወላጆች ለማስከፈት ረድተዋል። ማስረጃው ጉድለት ነበረበት፤ ውጤቱ ግን ለብዙ ሕፃናት በጎ ሆነ። ታሪክ እንዲህም ያደርጋል።

በእኔ አመለካከት ትልቁ ለውጥ የመጣው አዲስ ንድፈ ሐሳብ በመፈጠሩ አይደለም፤ ሐኪሞች ከክሊኒካቸው በመውጣታቸው ነው። በ1964 እና በ1965 ራተር፣ ጃክ ቲዛርድና ኪንግስሊ ዊትሞር በእንግሊዝ ደቡብ ባለችው ዋይት ደሴት የሚኖሩትን የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች በሙሉ ለማጥናት ተነሡ። ወላጅንም መምህርንም ጠየቁ፤ ልጁንም ራሱን አነጋገሩ። ከመቶ ወደ 7 የሚጠጉት የሥነ አእምሮ ችግር እንዳለባቸው ታወቀ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሐኪም አይቷቸው አያውቅም። ወላጅና መምህር ስለ አንድ ልጅ የሚሰጡት ምስክርነትም ብዙ ጊዜ አይገጥምም ነበር። ያው ቡድን በኋላ በለንደን መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ ወረዳ ተመሳሳይ ጥናት ሲያደርግ መጠኑ እጥፍ ሆነ፤ የቤተሰብ ጠብ፣ ድህነትና የትምህርት ቤቱ ሁኔታ ከልዩነቱ ጋር ተያያዙ። ልጁን በሠፈሩ ለሚያየው ሰው አንድ ምክንያት አይበቃውም። የተፈጥሮ ዝንባሌ፣ የቤት ኑሮና የመንደር ሸክም እርስ በርስ ይደራረባሉ።

አሁን ወደ ወላጆቹ ልመለስ። ለጠባይ መታወክ ዛሬ ጠንካራ ማስረጃ ካላቸው ሕክምናዎች አንዱ የወላጅ ሥልጠና ነው፦ በጎውን ቶሎ አይቶ ማመስገን፣ ትእዛዝን አጭርና ግልጽ ማድረግ፣ ዱላን መተው፣ በተናገሩት መጽናት። «ሥልጠናው ከሠራ ጥፋቱ የወላጅ ነበር ማለት ነው» የሚሉ ተማሪዎች በየዓመቱ ያጋጥሙኛል። ብራድሌይን አስታውሱ። መነጽር ዓይንን ያግዛል፤ ዓይን የደከመው መነጽር ስለጎደለው ነው የሚል ግን የለም።

በአገራችንስ? በ1999 የታተመ በአምቦ አካባቢ የተደረገ ጥናት ከመቶ 17.7 የሚሆኑ ልጆች የባሕርይ መታወክ እንዳለባቸው ገመተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከቡታጅራ የወጣው ጥናት 3.5 ከመቶ አገኘ። የአምቦው አጥኚዎች የተጠቀሙት ለወላጅ የሚቀርብ አጭር የልየታ መጠይቅ ነበር፤ የቡታጅራዎቹ ደግሞ ዝርዝር የምርመራ ቃለ መጠይቅ። ቦታ ብቻ ሳይሆን የተጠየቀው ጥያቄም የሚታየውን ልጅ ይለውጣል። በ2016 በታተመ ሌላ ጥናት፣ በአዲስ አበባ ክሊኒኮች የተገኙ፣ የእድገት ችግር ያለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች ምክንያቱን ሲጠየቁ የወሊድ ጉዳትንና የጭንቅላት መመታትን ከመንፈስና ከኃጢአት ጋር አጣምረው ጠቀሱ፤ ብዙዎቹም ጸበልና ጸሎት ሞክረው ነበር። እነዚህ ክሊኒክ የደረሱት ናቸው። በጸበሉ ቦታ የቀሩት፣ ከትምህርት ቤት «አስቸጋሪ» ተብለው የተባረሩት፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገቡት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲሄዱ እነዚህን ልጆች ለይተው እንዲያውቁና ወላጆችን እንዲደግፉ ለማሠልጠን የተጀመረው ሥራ፣ የዋይት ደሴቶቹ አጥኚዎች የሄዱበትን መንገድ በእኛ ጭቃና አቀበት ላይ መሞከር ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።