አገረ ገዥ ኤድዋርድ ኮልስና የ1824ቱ የኢሊኖይ ሕዝበ ውሳኔ

ኦገስት 2 ቀን 1824 በኢሊኖይ ስቴት 11,612 መራጮች በአንድ ጥያቄ ላይ ድምፃቸውን ሰጡ። ጥያቄው በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላልና ንጹሕ ይመስል ነበር፤ ይኸውም የስቴቱን ሕገ መንግሥት ለማሻሻል ጉባኤ ይጠራ ወይስ አይጠራ የሚል ነው። በውስጡ የተሸሸገው ግን ሌላ ነገር ነበር። ጉባኤው ከተጠራ ኢሊኖይ ባሪያ የሚሸጥበትና የሚለወጥበት ስቴት እንዲሆን በሩ ወለል ብሎ የሚከፈት መሆኑን ደጋፊውም ተቃዋሚውም አሳምሮ ያውቅ ነበር። በዚህ ትግል ውስጥ የተቃዋሚዎቹ ወገን መሪ ሆኖ የቆመው የስቴቱ ሁለተኛ አገረ ገዥ ኤድዋርድ ኮልስ ነው። ኮልስ ስማቸው በየመማሪያ መጽሐፉ ከሚነሣው የአሜሪካ መሪዎች ተራ አይቆጠርም። ይሁን እንጂ ሕግ በሕግ ስም ሊጣመም በተቃረበ ጊዜ አንድ ባለሥልጣን ከሕግ ሳይወጣ ምን ለማድረግ እንደሚችል ሕይወቱ በጉልህ ያሳያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የወራሹ ጥያቄ

ኮልስ ዲሴምበር 15 ቀን 1786 በቨርጂኒያ ስቴት፣ በአልበማርል አውራጃ፣ ኤኒስኮርቲ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። ቤተሰቡ ሰፊ መሬትና ብዙ ባሪያዎች የነበሩት፣ ከቶማስ ጄፈርሰንና ከጄምስ ማዲሰን ቤት ጋር በወዳጅነት የተሳሰረ ቤተሰብ ነበር። ወጣቱ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ በተላከ ጊዜ የኮሌጁ ኃላፊ ጳጳስ ጄምስ ማዲሰን፣ የፕሬዚዳንቱ የማዲሰን ዘመድ፣ ስለ ሰው ልጆች የተፈጥሮ መብት ያስተምር ነበር። ኮልስም ሰዎች ሁሉ በእኩልነት የተፈጠሩ ከሆነ ሰው የሰው ንብረት የሚሆነው በምን ሥልጣን ነው ሲል መምህሩን ጠየቀ። መምህሩም ነገሩ በመርሕ ደረጃ ፈጽሞ የማይደገፍ መሆኑን አምኖ፣ ችግሩ ማስወገዱ ላይ መሆኑን ገለጸለት። ይህ መልስ ለኮልስ አልተዋጠለትም። አንድ ነገር ስሕተት ከሆነ በእጁ ይዞ መኖር እንደማይገባው ለራሱ ወሰነ፤ ውሳኔውን ግን አባቱ ኑዛዜውን እንዳይለውጥ በመስጋት በልቡ ሸሸገው።

አባቱ በ1808 ሲሞት ለኮልስ የደረሰው አንድ እርሻና 20 ያህል ባሪያዎች ነበሩ። ባሪያዎቹን በዚያው አገር አርነት አውጥቶ ማኖር አስቸጋሪ ነበር፤ ምክንያቱም በ1806 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ አርነት የወጣ ሰው በ12 ወር ጊዜ ውስጥ ከስቴቱ እንዲወጣ ያዝዝ ነበርና ነው። ኮልስ ወደ ምዕራብ ለመሄድ ሲያስብ ፕሬዚዳንት ማዲሰን የግል ጸሐፊው እንዲሆን ጠራው፤ ከ1810 እስከ 1815ም በዚሁ ሥራ ላይ ቆየ።

ጁላይ 31 ቀን 1814 ኮልስ ለጄፈርሰን ደብዳቤ ጻፈ። የነፃነት መግለጫውን የጻፈው ሰው ባርነት ቀስ በቀስ የሚወገድበትን እቅድ እንዲነድፍና የስሙን ክብደት ለዚሁ ዓላማ እንዲያውል በትሕትና ለመነ። ጄፈርሰን ኦገስት 25 ቀን በጻፈው መልስ ሐሳቡን አልነቀፈም፤ ሥራው ግን የወጣቶች ነው፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ አንተም ባሪያዎችህን ትተህ አገርህን አትልቀቅ ሲል መከረው። ኮልስም ቤንጃሚን ፍራንክሊን ከዚህ በሚበልጥ ዕድሜ ለዚህ ጉዳይ መሥራቱን አስታውሶ መለሰ። ጄፈርሰን በዚያን ጊዜ የ71 ዓመት ሰው ነበር፤ ፍራንክሊን የፔንሲልቬኒያ የፀረ ባርነት ማኅበር ሊቀ መንበር ሲሆን ዕድሜው 81 ነበር። ከዚህ በኋላ ኮልስ ታላላቆቹን መጠበቅ ትቶ የራሱን እጅ ማንጻት ጀመረ።

በመካከሉ በ1816 መንግሥቱ ለመልእክት ወደ ሩሲያ ላከው። ከዚያም ተመልሶ በኤድዋርድስቪል ከተማ የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝጋቢ ሆኖ ስለ ተሾመ በ1819 የጸደይ ወራት ሰዎቹን ይዞ ወደ ኢሊኖይ ጉዞ ጀመረ። ወዴትና ለምን እንደሚሄዱ ግን አልነገራቸውም ነበር። በፔንሲልቬኒያ ሁለት ጠፍጣፋ ጀልባዎች ገዝቶ ከፒትስበርግ በታች በኦሃዮ ወንዝ ላይ ሲወርዱ፣ በአንድ የኤፕሪል ማለዳ ጀልባዎቹ ጎን ለጎን እንዲታሰሩ አደረገ። ሁሉንም ሰብስቦ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንደ እርሱ ነፃ ሰዎች መሆናቸውን፣ ከፈለጉ አብረውት እንዲሄዱ፣ ካልፈለጉም ወደ የብስ ወርደው ወደ ወደዱት እንዲሄዱ ነገራቸው። ሰዎቹ ለጥቂት ጊዜ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ቀጥሎም ለየቤተሰቡ ኃላፊ 160 ኤከር መሬት እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ ይህም ለብዙ ዘመን ያለ ዋጋ ለደከሙበት ካሣ ነበር። የአርነት ወረቀታቸውም ጁላይ 4 ቀን 1819፣ በአሜሪካ የነፃነት በዓል ዕለት ተጻፈ።

ቀዳዳ የበዛበት እገዳ

ኮልስ የሄደበት አገር በስሙ ነፃ ነበር። በ1787 የወጣው የሰሜን ምዕራብ ግዛት ድንጋጌ ስድስተኛው አንቀጽ ባርነትን በግልጽ ይከለክላል። ሆኖም ቀድሞ የሰፈሩት ፈረንሣውያን ባሪያዎቻቸውን እንደያዙ ቀሩ። ሌሎቹም ጥቁሮችን በረጅም ዘመን የአገልግሎት ውል ያስፈርሙ ነበር፤ ውሉ አንዳንድ ጊዜ እስከ 99 ዓመት ይደርሳል፤ ፈራሚው ፊደል አይለይም፤ ካልፈረመም ወደ ባሪያ አገር ተወስዶ ይሸጣል። ስለዚህ ውል የተባለው ነገር በፈቃድ የተደረገ ስምምነት ሳይሆን ባርነት በሌላ ስም ነበር። የ1818ቱ የኢሊኖይ ሕገ መንግሥትም ባርነት «ከእንግዲህ ወዲህ» እንዳይገባ ብቻ ከልክሎ የቆየውን አልነካም፤ በሾኒታውን አጠገብ ባለው የጨው ማምረቻም ከውጭ በኪራይ የሚመጡ ባሪያዎች እስከ 1825 እንዲሠሩ ፈቀደ። በ1820 ቆጠራ ከ55,211 ነዋሪዎች መካከል 917ቱ ባሪያዎች ተብለው ተመዝግበዋል።

የ1819ኙ የገንዘብ ቀውስ የመሬትን ዋጋ ጥሎ ሕዝቡን በዕዳ በጨነቀበት ወራት፣ ባለጸጎች ባሪያዎቻቸውን አስከትለው በኢሊኖይ በኩል ወደ ሚዙሪ ሲያልፉ ይታዩ ነበር። ይህን ያዩ ብዙዎች ባርነት ቢፈቀድ ኖሮ ይህ ሁሉ ሀብት እዚሁ ይቀር ነበር ማለት ጀመሩ።

በ1822 ኮልስ ለአገረ ገዥነት ተወዳደረ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ የነበረው ጆሴፍ ፊሊፕስ 2,687፣ ሌላው ዳኛ ቶማስ ብራውን 2,443፣ ጄምስ ሙር 622 ድምፅ ሲያገኙ ኮልስ 2,854 አገኘ። የመራጩን አንድ ሦስተኛ ብቻ ይዞ፣ በ167 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ ማለት ነው። የባርነት ደጋፊዎች ድምፃቸውን ለሁለት ባይከፍሉት ኖሮ አገረ ገዥ ባልሆነም ነበር።

እንዲህ ባለ ጠባብ ድል የተመረጠ ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥ የሚደንቅ አልነበረም። ኮልስ ግን ዲሴምበር 5 ቀን 1822 በቫንዴሊያ ባደረገው የመጀመሪያ ንግግሩ በስቴቱ የቀረው ባርነት እንዲጠፋ፣ በጥቁሮች ላይ የወጡት ሕጎች እንዲሻሻሉና ነፃ ጥቁሮችን አፍኖ መሸጥ በጽኑ እንዲከለከል ጠየቀ። አብዛኛው የምክር ቤት አባል የሌላው ወገን ስለ ነበረ የመለሰለት በተቃራኒው ነው። ኢሊኖይ ከሌሎቹ ስቴቶች እኩል ሉዓላዊ ስለሆነ ሕገ መንግሥቱን እንደ ወደደ ሊለውጥ ይችላል፤ ስለዚህም ጉባኤ ይጠራ አለ።

ጉባኤ ለመጥራት ከሁለቱም ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። በሕግ መምሪያው ምክር ቤት ከ36 አባላት 24 መገኘት ነበረበት፤ በቆጠራው ግን አንድ ድምፅ ጎደለ። የፓይክ አውራጃ ተወካይ ኒኮላስ ሀንሰን ጉባኤውን ተቃውሞ ነበርና፣ ምክር ቤቱ ቀድሞ መርምሮ ያጸደቀለትን ውክልና ከሳምንታት በኋላ እንደገና አንሥቶ ሀንሰንን አስወጣውና ተወዳዳሪውን ጆን ሾውን በወንበሩ አስቀመጠ። በፌብሩዋሪ 1823 ውሳኔው በ24 ድምፅ አለፈ። በዚያች ሌሊት ታላላቅ ሰዎች ጭምር ያሉበት ሕዝብ ችቦ አብርቶ፣ ከበሮና ጥሩንባ እየመታ፣ ቆርቆሮ እያንኳኳ በአገረ ገዥው ማደሪያ ደጃፍ ሲጮኽ አመሸ።

የ18 ወር ትግል

ከዚያች ሌሊት እስከ ድምፅ መስጫው ዕለት 18 ወር ነበር። አገረ ገዥው ሕግን ብቻውን ለመሻር አይችልም፤ ይህ ሥልጣን ለእርሱና ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች በኅብረት የተሰጠ ሲሆን፣ ከዳኞቹም አንዱ በምርጫ የተወዳደረው ብራውን ነበር። የቀረለት መንገድ ሕዝቡን ማስረዳት ብቻ ነው። የአገረ ገዥው ደመወዝ በዓመት 1,000 ዶላር ነበር፤ ኮልስ የአራት ዓመቱን ደመወዝ፣ ማለት 4,000 ዶላር፣ ለዚሁ ትግል አዋለው። በቫንዴሊያ የሚታተመውን «ኢሊኖይ ኢንተሊጀንሰር» ጋዜጣ ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ ገዝቶ ወደ ተቃዋሚዎቹ ወገን አዞረው። በፊላደልፊያ ወደሚኖሩት ኒኮላስ ቢድልና ሮበርትስ ቮክስ ጽፎ በራሪ ጽሑፎች እንዲታተሙለት አደረገ። በኤድዋርድስ አውራጃ የእንግሊዛውያን ሰፈር የመሠረተው ሞሪስ በርክቤክ «ጆናታን ፍሪማን» በሚል የብዕር ስም ለገበሬው በሚገባ ቋንቋ ጻፈ። በየአውራጃው ማኅበራት ተቋቋሙ፤ ሰባክያንም በየመንደሩ እየዞሩ ተናገሩ።

በክርክሩ ውስጥ ሁሉም ስለ ጥቁሮች መብት ይናገር ነበር ማለት አይደለም። ለብዙው መራጭ ዋናው ነገር ባሪያ አሳዳሪ ባለጸጋ ከመጣ ድኻው ገበሬ ይዋረዳል የሚለው ስጋት ነበር። ድምፅ የሚሰጡትም ነጭ ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ዕጣቸው የሚወሰነው ጥቁሮች በሚዛኑ ላይ አንዲት ድምፅ እንኳ አልነበራቸውም።

በኦገስት 2 ቆጠራ ጉባኤው ይጠራ ያሉት 4,972፣ አይጠራ ያሉት 6,640 ሆኑ። ልዩነቱ 1,668 ነበር። በሌላ አነጋገር 835 ሰዎች ሐሳባቸውን ለውጠው ቢሆን ኖሮ ጉባኤው ይጠራ ነበር።

የአገረ ገዥው ክስ

ትግሉ በተፋፋመበት በ1824 ኮልስ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ፍርድ ቤት ቀረበ። በማርች 1819 የወጣ አንድ ሕግ ባሪያ አርነት የሚያወጣ ሰው ስለ እያንዳንዱ 1,000 ዶላር ዋስትና እንዲያስይዝ ያዝዝ ነበር። ኮልስ የአርነት ወረቀቱን በጁላይ ሲጽፍ ሕጉ ገና ታትሞ ለሕዝብ አልተሠራጨም ነበር። የማዲሰን አውራጃ ግን ዋስትና አላስያዘም ብሎ ከሰሰው፤ ስለ አሥር ሰዎች በየሰው 200፣ በጠቅላላው 2,000 ዶላር ተፈረደበት። ምክር ቤቱ በ1825 መጀመሪያ ከቅጣቱ ነፃ የሚያደርገውን ሕግ ቢያወጣም ዳኛው ሳሙኤል ማክሮበርትስ አልቀበልም አለ። ኮልስ ይግባኝ ጠየቀ። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1826 አውራጃ በሕግ የተፈጠረ የሕዝብ አካል እንጂ የግል ባለመብት ስላልሆነ ምክር ቤቱ ቅጣቱን ሊተው ይችላል ሲል ፍርዱን ሻረ። ሰዎችን ነፃ በማውጣቱ የተቀጣው አገረ ገዥ በዚሁ ዓመት የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ወንበሩን ለኒኒያን ኤድዋርድስ አስረከበ።

ከዚያ በኋላ

ድሉ ለኮልስ የፖለቲካ ሹመት አላተረፈለትም። በ1831 ለአሜሪካ ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ ወደ ፊላደልፊያም ሄዶ በ1833 ሳሊ ሎጋን ሮበርትስን አግብቶ በዚያው ኖረ። የቀድሞ አለቃውን ማዲሰንን በኑዛዜው ባሪያዎቹን ነፃ እንዲያወጣ ቢወተውተውም ማዲሰን በ1836 ይህን ሳያደርግ ሞተ። በኢሊኖይም ቢሆን በጥቁሮች ላይ የወጡት ሕጎች እንዳሉ ቀሩ፤ እንዲያውም በ1853 ጥቁሮች ወደ ስቴቱ መጥተው እንዳይሰፍሩ የሚከለክል ሕግ ተጨመረ። የ1824ቱ ድምፅ የባርነትን በር ዘጋ እንጂ የእኩልነትን በር አልከፈተም። ኮልስም ቢሆን ነፃ የወጡ ጥቁሮች ወደ አፍሪካ ሄደው እንዲሰፍሩ የሚሻውን እንቅስቃሴ ይደግፍ ስለ ነበር፣ ከዘመኑ ሐሳብ ፈጽሞ የተለየ ሰው አልነበረም።

በርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ደግሞ መራራ ኀዘን ደረሰበት። ወደ ቨርጂኒያ ተመልሶ የሰፈረው የመጨረሻ ልጁ ሮበርትስ የባሪያ አሳዳሪዎቹን ጦር ለብሶ በፌብሩዋሪ 1862 በሮአኖክ ደሴት ላይ ተገደለ። አባቱ በወጣትነቱ ጥሎት ለወጣው ሥርዓት ልጁ ሕይወቱን ሰጠ።

ኮልስ ግን የሥራውን ፍሬ ለማየት በቃ። ባርነትን በመላ አገሪቱ የሻረውን አሥራ ሦስተኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በፌብሩዋሪ 1865 ከሁሉ ቀድሞ ያጸደቀው ስቴት ኢሊኖይ ነበር፤ በጥቁሮች ላይ የነበሩትንም ሕጎች በዚያው ወር ሻረ። ኤድዋርድ ኮልስ ጁላይ 7 ቀን 1868 በፊላደልፊያ ዐረፈ። በኢሊኖይ በ1830 የተቋቋመ አንድ አውራጃ በስሙ ይጠራል፤ ሊንከንና ዳግላስ በ1858 ስለ ባርነት ከተከራከሩባቸው ከተሞች አንዷ ቻርልስተን የዚሁ አውራጃ ዋና ከተማ ናት።

ከዚህ ሁሉ በሕግ ሙያ ላይ ላለ ሰው የሚቀረው አንድ ነገር ነው። የ1787ቱ ድንጋጌ ባርነትን በማያሻማ ቃል ከልክሎ ነበር፤ በውል፣ በኪራይና «ከእንግዲህ ወዲህ» በምትል አንዲት ሐረግ ቀዳዳ ግን ባርነት 37 ዓመት ሙሉ በዚያ አገር ኖረ። የተጻፈውን ቃል ያቆመው በመጨረሻ የአንድ ባለሥልጣን የአራት ዓመት ደመወዝ፣ የጥቂት ጋዜጦች ድካምና የ835 መራጮች ልዩነት ነው።