የፊላዴልፊያ ስምምነትና ያስከፈለው ዋጋ

ሁለት ባለ ርስቶች በድንበር ሲጣሉ ሽማግሌዎች ገብተው ያስታርቋቸዋል። አንዱ ከወዲህ፥ ሌላው ከወዲያ ጥቂት መሬት ይለቅና የድንበር ድንጋይ ተተክሎ ጠቡ ያበቃል። ሕገ መንግሥትም ብዙውን ጊዜ የሚወለደው እንደዚህ ካለ እርቅ ነው። ነገር ግን ስለ እርቁ የለቀቁት መሬት የማን ነበር? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህን ለመረዳት የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ታሪክ እንመልከት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዐሥራ ሦስቱ የአሜሪካ ግዛቶች ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ ከወጡ በኋላ ያስተሳሰራቸው ውል እጅግ የላላ ነበር። የጋራ ምክር ቤታቸው ግብር ለማስከፈል ሥልጣን ስላልነበረው የጦርነቱን ዕዳ መክፈል እንኳ አቃተው። ስለዚህ በ1787 ዓ.ም. ከሮድ አይላንድ በቀር 12ቱ ግዛቶች መልእክተኞቻቸውን ወደ ፊላዴልፊያ ከተማ ላኩ። በጉባኤው የተካፈሉት 55 ሰዎች ሲሆኑ፥ ሰብሳቢያቸው ጆርጅ ዋሽንግተን ነበሩ።

የመጀመሪያው ጠብ በትልልቆቹና በትንንሾቹ ግዛቶች መካከል ተነሣ። የቨርጂኒያ ሕዝብ ከደላዌር ሕዝብ ከዐሥር እጥፍ በላይ ነበር። ትልልቆቹ የእንደራሴዎች ቍጥር በሕዝብ ብዛት ይወሰን ሲሉ፥ ትንንሾቹ ለሁሉም እኩል ድምፅ ይሰጥ አሉ። ጉባኤው ሊፈርስ በተቃረበ ጊዜ ሮጀር ሸርማንና የኮኔክቲከት ጓደኞቻቸው የማስታረቂያ አሳብ አቀረቡ። ይኸውም በሕግ መምሪያ ምክር ቤት ቍጥሩ በሕዝብ ብዛት እንዲሆን፥ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ግን እያንዳንዱ ግዛት እኩል ድምፅ እንዲኖረው ነው። አሳቡ በጁላይ 16 ቀን በ5 ግዛቶች ድጋፍና በ4 ተቃውሞ ጸደቀ። በዚህ እርቅ ሁለቱም ወገኖች ከራሳቸው መሬት ለቀቁ።

ሁለተኛው ጠብ ግን ስለ ባሮች ነበር። የደቡብ ግዛቶች ባሮቻቸው በሕዝብ ቍጥር እንዲገቡላቸው ፈለጉ፤ ይህም ባሮቹ ድምፅ እንዲኖራቸው ሳይሆን የጌቶቻቸው እንደራሴዎች እንዲበዙ ነው። የፔንሲልቫኒያው ጉቨርነር ሞሪስ ይህን አጥብቀው ነቀፉ። በመጨረሻ ግን አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰው እንዲቈጠሩ፥ ከውጭ ባሪያ ማስገባትም እስከ 1808 እንዳይከለከል፥ ሸሽቶ የወጣ ባሪያም ለጌታው እንዲመለስ ተስማሙ። ባሪያ የሚለውን ቃል ግን በሕጉ ውስጥ አልጻፉትም፤ ሌላ አነጋገር ፈልገው ሸፈኑት። ሰው የማያፍርበትን ነገር ለምን ይሸፍናል?

በሴፕቴምበር 17 ቀን 39 ሰዎች ፈረሙ። የ81 ዓመቱ ሽማግሌ ቤንጃሚን ፍራንክሊን፥ በሕጉ ውስጥ የማይስማሙበት ነገር ቢኖርም እኔም ልሳሳት እችላለሁ በማለት ድጋፋቸውን ሰጡ። ይህ ትሕትና የሚመሰገን ነው።

ያለዚያ ስምምነት አንድነቱ ባልተገኘም ነበር የሚሉ አሉ፤ ምናልባት እውነት ይሆናል። ቢሆንም ዕዳው ለልጅ ልጆች ተላለፈ እንጂ አልተከፈለም። በ1790 ወደ 700 ሺህ የነበሩት ባሮች በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደረሱ። ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የርስ በርስ ጦርነት ከ600 ሺህ በላይ ወታደሮች ካለቁ በኋላ ባርነት በ13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተሻረ።

እንግዲህ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ትልቁና ትንሹ ግዛት ከየራሳቸው ስለ ሰጡ እርቃቸው እስከ ዛሬ ጸንቷል። ስለ ባሮች የተደረገው እርቅ ግን በጉባኤው ካልተቀመጠ ሰው መሬት ላይ የተተከለ የድንበር ድንጋይ ስለ ሆነ በደም ተነቀለ። እኛም ተማሪዎች ነገ በሸንጎ ለመቀመጥ ብንበቃ፥ ተስማማን ብለን እጅ ከመጨባበጣችን በፊት በዚያ ያልተጠራው ማን እንደ ሆነ ዙሪያችንን እንመልከት።