ከዓሣ ደም እስከ ገንዲ

በሬ የሞተበት ገበሬ መሬቱ ጦም ያድራል። ከከምባታና ከሐዲያ ደጋ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጊቤና ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወርዱ ከብት ከሚፈጁት በሽታዎች አንዱ ገንዲ ነው። እኛ የአዲሎ ተማሪዎች ስለዚህ በሽታ የተገኘውን እውቀት ታሪክ ስንመረምር፣ መነሻው የከብት በረት ሳይሆን የዓሣ ደም ሆኖ አገኘነው።

በ1841 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስዊስ አገር በበርን ከተማ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ጋብርኤል ቫለንቲን ትራውት የተባለውን ዓሣ ደም በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ በውስጡ የምትንቀሳቀስ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት አዩ። በ1843 ዳቪድ ግሩቢ የተባሉ ሐኪም በፓሪስ የእርሷን ወገን በእንቁራሪት ደም ውስጥ አገኙና፣ እንደ መሰርሰሪያ ስለምትሽከረከር ከግሪክ ቋንቋ ወስደው ትሪፓኖሶማ አሏት። በ1880ዎቹም ዳኒሌቭስኪ የተባሉት የካርኮቭ ሊቅ በኤሊና በእንሽላሊት ደም የሚኖሩ ሌሎች ጥገኞችን መርምረው ጻፉ። በዚያን ዘመን «የዓሣና የኤሊ ደም መመርመር ለማን ይበጃል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም ነበር።

ጥቅሙ ግን ውሎ አድሮ ታየ። በ1880 ግሪፊት ኢቫንስ የተባሉ የእንስሳት ሐኪም በሕንድ አገር በታመሙ ፈረሶችና ግመሎች ደም ውስጥ፣ በ1895ም ዴቪድ ብሩስ በዙሉላንድ በታመሙ ከብቶች ደም ውስጥ የትሪፓኖሶማን ዘመዶች አገኙ። የወገኑ ስምና መልክ ከዓሣውና ከእንቁራሪቱ ጥናት ተመዝግቦ ይጠብቃቸው ነበር። የዓሣውን ጥገኛ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ሁላችን የምናውቀው አልቅት ሲሆን፣ የከብቱን የሚያሻግረው ግን የቆላ ዝንብ መሆኑን ብሩስ አስረዱ።

በአገራችን የዚሁ ወገን ጥገኛ ከብትን ብቻ አልጎዳም፤ በ1967 በጋምቤላ በኩል በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታ ታየ። ዝንቡን ለመዋጋት በጊቤ ሸለቆ መድኃኒት የተነከረ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ተተከለ። በ1997ም መንግሥት ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ድርጅት ጋር ሆኖ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ሌላ ዘዴ ጀመረ፤ ይኸውም ወንዶቹን ዝንቦች በጨረር አምክኖ መልቀቅ ነው። ከመካኑ ወንድ ጋር የተገናኘች ሴት ዝንብ ዘር አትተካምና።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችሁ ወይም ጓደኞቻችሁ በቤተ ሙከራ በአንዲት ጠብታ ላይ ጎንበስ ብለው ብታዩአቸው ሥራ ፈቱ አትበሏቸው። ዛሬ ለገበሬው በሬ የሚደረገው ጥበቃ የተጀመረው እንዲሁ ባለ ጠብታ ነው።