ቡናና ከበሮ፤ ከሺሺንዳ እስከ ሳንቲያጎ

እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኩባ የወጣቶች ደሴት ተምረዋል። ዛሬም የኩባን ሙዚቃ ሊያጠና አንድ ክረምት ወደዚያ የሚዘልቅ ሰው፣ ከሃቫና መድረኮች ይልቅ ከምሥራቁ የቡና ተራሮች ቢጀምር የገዛ አገሩን ታሪክ ቅጥያ ያገኛል።

በሺሺንዳና በቦንጋ ጫካዎች ማንም ሳይዘራው የሚበቅለው የቡና ዝርያ በየመን በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ በአውሮፓውያን እጅ እስከ ካሪቢያን ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1791 የሄይቲ ባሮች በዐመፅ ሲነሡ፣ ፈረንሳውያን ባለእርሻዎች ባሮቻቸውን እየነዱ ወደ ምሥራቅ ኩባ ሸሹ፤ በሳንቲያጎና በጓንታናሞ ተራሮችም ቡና አስተከሉ።

ባሮቹ ጉልበታቸውን ተነጠቁ እንጂ ከበሮአቸውን አላስረከቡም። የዳሆሜይን ምት ከፈረንሳዮች ጭፈራ ጋር አዋሕደው «ቱምባ ፍራንሴሳ» የተባለውን ኪነት ፈጠሩ። አቀንቃኝ ያወጣል፤ ሴቶች ይቀበላሉ፤ ከበሮው ይመልሳል። ባርነት እ.ኤ.አ. በ1886 ከቀረ በኋላም ማኅበሮቻቸው ጠበቁት፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2003 በሰው ልጅ ቅርስነት አወጀው።

የኩባ ቡና ዘፈኑን ይዞ ለታሪክ በቅቷል። የከፋ ቡና ለቃሚስ ምን እያለ ያዜማል? ይህን ሳይመዘግብ ባሕር የሚሻገር ተማሪ የቡናን ታሪክ ግማሹን ብቻ ይዞ ይመለሳል።