ውሃው የት ሄደ?

ስሙኝማ፣ እናንተ በሰው አገር ብርድ የምትኖሩ ወገኖቼ! የዛሬው ትረካዬ የአንዲት እናት ቤት ታሪክ ነው። ቦታው ደቡብ ለንደን፣ ወሩ ጥር። ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የጋዝ ቦይለር ራዲያተሩንም የቧንቧውንም ውሃ የሚያሞቅ ነው። እሱ ሲቆም ታዲያ ሁሉም ይቆማል። እማማ ከንጋቱ ተነስተው በድስት ውሃ ያሞቃሉ፤ የልጅ ልጃቸው በዚያ ተለቃልቃ ወደ ትምህርት ቤት ትሮጣለች።

ጎረቤት አንድ መላ አሳይቷቸው ነበር፤ ከቦይለሩ ሥር ያለችውን የውሃ መሙያ ከፈት ማድረግ። የግፊት መለኪያው መርፌ ከዜሮ ተነስቶ 1.5 ባር ላይ ሲደርስ መዝጋት። ቦይለሩ እፍ ብሎ ይነሳል፣ ቤቱ ይሞቃል። በማግስቱ ግን መርፌው ተመልሶ ዜሮ! አንድ ባለሙያ መጣ፤ የራዲያተር ቫልቭ ቀየረ፣ ውሃ ሞላ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሁለት ቀን አልቆየም፣ ያው ሆነ።

ኋላ ሌላ ባለሙያ ተጠራ፤ ያገራችን ልጅ። የመሣሪያ ሣጥኑን ሳይከፍት ወንበር ስቦ ተቀመጠና ጠየቀ።

«እማማ፣ ቤቱ ሲሞቅ መርፌው የት ይደርሳል?»

«እሱንስ አላየሁም ልጄ፤ እኔ የማየው ሲወርድ ነው።»

«እንግዲያው ያብሩትና አብረን እንየው።»

ውሃ ሞልተው አበሩት። መርፌው ከ1.2 ተነሳ፤ 2 ደረሰ፤ 2.5 አለፈ፤ ወደ ቀዩ መስመር ተጠጋ። ልጁ ብድግ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ከግድግዳው ብቅ ብላ ወደታች የታጠፈች ቀጭን የመዳብ ቧንቧ አለች። ከሥሯ ያለው ጡብ ርሷል። አፏ ላይ የፕላስቲክ ከረጢት አሰረባት። ጥቂት ቆይተው ሲያዩ ከረጢቱ ውሃ ቋጥሯል።

አያችሁ፣ የጠፋው ውሃ ወለል ሥር አልሰረገም። በደኅንነት ቫልቩ በኩል ወደ ውጭ ሲፈስ ከርሟል። ግን ለምን?

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 10 ዲግሪ ላይ የነበረ 100 ሊትር ውሃ 80 ዲግሪ ሲደርስ 3 ሊትር ያህል ይጨምራል። የተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያለ ውሃ ደግሞ መሄጃ የለውም፣ አይጨመቅም። ስለዚህ ኤክስፓንሽን ቬሰል የሚባል የብረት ዕቃ ተሠራለት። ዕቃው በጎማ ግርዶሽ ለሁለት ተከፍሏል፤ በአንድ ወገን ውሃ፣ በሌላው አየር አለ። ውሃው ሲሰፋ ጎማውን ይገፋል፣ አየሩ ይጨመቅና ቦታ ይለቅለታል። አየሩ ከዓመት ዓመት ሾልኮ ካለቀ ግን ቦታ የለም። ግፊቱ 3 ባር ሲደርስ ቫልቩ ይከፈትና ውሃውን ያፈሳል። ሌሊት ቤቱ ሲቀዘቅዝ መርፌው ዜሮ ይገባል።

ልጁ ቦይለሩን አጠፋ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ የውሃውን ግፊት አወረደ። ቬሰሉ ላይ የመኪና ጎማ የሚነፋበት ዓይነት ቫልቭ አለ፤ መሐሉ ላይ ያለችውን ፒን ጫን አደረጋት። እዚህ ላይ ውሃ ቢወጣ ጎማው ተቀዷል ማለት ነው፤ ቬሰሉ ይቀየራል። ውሃ አልወጣም፤ አየርም የለም። መንፊያውን ሰክቶ የቦይለሩ መመሪያ እስከሚያዝዘው ልክ ነፋው። ደጋግሞ የተከፈተ የደኅንነት ቫልቭ ቆሻሻ ይይዝና በደንብ አይገጥምምና እሱንም ቀየረ። ከዚያ ውሃውን ሞልቶ መሙያዋን ነቀላት።

ቤቱ ሞቀ፤ መርፌው ከ2 በታች ቆመ። ከረጢቱ ደረቅ ሆነ።

«ውሃ ጎደለ እያልን ስንሞላ፣ ለካ የጎደለው አየር ነው!» አሉ እማማ።

«አዎ እማማ። አዲስ ውሃ በገባ ቁጥርም ኦክስጅን ይዞ ይገባል፤ ራዲያተሩን ከውስጥ ያዝገዋል። የለንደን ውሃ ደግሞ ኖራው ብዙ ነው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? በየማለዳው ውሃ መሙላት በሽታውን መደበቅ ነው። እንግዲህ እናንተም ቤት መርፌው ቶሎ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ፣ ቤቱ ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም የት እንደሚቆም ጻፉት። የውጭዋን ቧንቧ እዩ፤ የራዲያተሮቹን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ዳስሱ። ለሚመጣው ባለሙያ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። የቦይለሩን ክዳን ግን እናንተ አትንኩ! በብሪታንያ የጋዝ ሥራ በሕግ የተፈቀደው ጋዝ ሴፍ በሚባለው መዝገብ ለተመዘገበ ባለሙያ ብቻ ነው። በር ላይ ቆማችሁ መታወቂያውን ጠይቁ፤ ነውር የለበትም። ከተበላሸ ቦይለር የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጠቋሚ መሣሪያ ግድግዳችሁ ላይ ይኑር። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ አከራያችሁ በየ12 ወሩ የጋዝ ዕቃውን የማስመርመር ግዴታ አለበት። መብታችሁ ነው፣ ጠይቁ!