የጥበበኛ ሰው ጠባይ፤ ጥንካሬውና ፈተናው

ሰዎች በመልክ እንደሚለያዩ በጠባይም ይለያያሉ። አንዱ ማዘዝ ይወዳል፤ ሌላው መነገድ፤ ሌላውም መማርና ማስተማር። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ግን እጁ ሥራ ሲፈታ የሚጨነቅ፣ ሌላው አፈር ብቻ ባየበት ስፍራ እንስራን፣ ቀርከሃ ብቻ ባየበት ስፍራ ቤትን የሚያይ ሰው አለ። ይህን ሰው ጥበበኛ እንለዋለን። በቋንቋችን ጥበብ ማለት ዕውቀት ነው፤ ደግሞም ሸማኔ በቀሚስና በነጠላ ጫፍ ላይ የሚያወጣው ጌጥ ጥበብ ይባላል። ቃሉን ያከበርነውን ያህል ባለቤቱን አክብረነዋልን?

የዚህን ጠባይ ጥንካሬ ለማየት የሚፈልግ ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ ደጋ ይውጣ። የዶርዜ ቤት እንደ ቅርጫት ከቀርከሃ ተጠላልፎ የተሠራ ነው። ምስጥ እግሩን ሲበላው ባለቤቱ የተበላውን ቆርጦ ዝቅ ያደርገዋል፤ ቤቱም እያጠረ ብዙ ዐሥርተ ዓመታት ይኖራል። ስፍራ መለወጥ ቢያስፈልግ ጎረቤቶች ተሰብስበው ተሸክመው ያዛውሩታል። ይህን ያሰበ ሰው ጉዳት ሲደርስበት መላ የሚፈልግ ሰው ነው።

ሸማኔውም እንደዚሁ ነው። ሴቶች በእንዝርት የፈተሉትን ጥጥ ተቀብሎ፣ እግሩን በጉድጓድ አኑሮ፣ በድሩ መካከል መወርወሪያውን ሲያመላልስ ይውላል። አንዲት ክር ብትሳሳት ጥበቡ ይበላሻልና ልቡ ከእጁ አይለይም። ቆዳ ፋቂው ደግሞ ድንጋይ ጠርቦ ስለት ያወጣ ነበር፤ ይህን ጥንታዊ ዕውቀት እስከ ብረት ዘመን ጠብቆ በማቆየቱ የሩቅ አገር ምሁራን ወደ ጋሞ መጥተው የጥንት ሰው በድንጋይ መሣሪያ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር ከእርሱ ተምረዋል።

ዳሩ ግን ጥንካሬው ራሱ ፈተና ያመጣበታል። ዓይኑን በሥራው ላይ የተከለ ሰው የገበያውን ነገር አያይም። ብዙ ቀን የደከመበትን ነጠላ ነጋዴው በርካሽ ወስዶ ሲያተርፍበት እርሱ ለሚቀጥለው ክር ይበደራል። ልቡ ስስ ስለ ሆነ ነቀፌታ ቶሎ ያቈስለዋል፤ ፍጹም ነገርን ስለሚሻ የሠራውን ይንቃል፣ የጀመረውንም ይተዋል። በማስተማር በኖርሁባቸው ዓመታት ከጭቃ በሬ የሚሠራ ልጅ በሒሳብ ሰዓት ሲሰደብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያ ልጅ ቀንዱንና ሻኛውን ያስተካከለው በዓይኑ ለክቶ መሆኑን ያስተዋለ ግን ጥቂት ነው።

ከውስጥ ፈተና የሚከፋው ከውጭ የሚመጣው ንቀት ነው። ጋሞ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ ብዙ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ ሄደው በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፈሩ። ሕዝቡ የሸማኔን ሥራ ለብሶ በዓል ያከብራል፤ ሥራውን ግን መሰደቢያ አደረገው። አንጥረኛውም ቆዳ ፋቂውም እንዲሁ ይሰደቡ ነበርና ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ።

አሁን ልብ በሉ። በጋሞ ደጋ ሽመና የባለ መሬቱ ወገን፣ የማላ ሥራ ስለ ሆነ ሸማኔ አይናቅም ነበር። በዚያው አገር ግን ሸክላ ሠሪዎቹ ማና፣ ቆዳ ፋቂዎቹና ቀጥቃጮቹ ደጋላ ተብለው በድሮው ሥርዓት መሬት እንዳይዙ፣ ከማላ ጋር እንዳይጋቡ፣ በዱቡሻም ከሌላው እኩል እንዳይቀመጡ ተከልክለው ነበር። አዲስ አበባ ላይ ስለ ሥራው የተሰደበው ሸማኔ ወደ አገሩ ሲመለስ እንስራ ከሠራችለት ሴት ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርብም ነበር። የተናቀ ሰው ሌላውን መናቅ ይተዋል ብሎ የሚያስብ ይህን ታሪክ ይመልከት።

ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛ፣ መሬት የተከለከለ ሰው በእጁ ሥራ ብቻ ለመኖር ይገደዳል፤ ከዚያ በኋላ ድህነቱ እንደ ባሕርዩ ይቈጠርበታል። ሁለተኛ፣ አፈርን በእሳት ወደ ድስት የሚለውጠውን ሰው ተራው ሰው ይፈራዋል፤ የፈራውንም ቡዳ ብሎ ይሰይመዋል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ራሱ ለማረስ ለሚፈቅድ ሁሉ የመሬት መብት ሰጠ። ማዕድና ጋብቻ ግን በአዋጅ አይከፋፈሉም፤ ይህ የሚቀረው ለሰው ልብ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ጠባይ በእናንተ ዘንድ ካለ ሦስት ነገር ጠብቁ። የጀመራችሁትን ፈጽሙ፤ የነጠላ ጥበብ በጫፉ ነውና መካከል ላይ የሚያቆም ሸማኔ ጥበቡን አያሳይም። ሒሳብ ተማሩ፤ የድካሙን ዋጋ የማያውቅ ለሌላ ሰው ያደላል። የደረሰባችሁንም ንቀት ወደ ሌላው አታስተላልፉ። ይህ ጠባይ የሌላችሁ ደግሞ የሠራተኛውን ዋጋ አታጓድሉ። ከጋሞ ደጋ ለሽመና ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ትምህርት ያጡ ሕፃናት ብዙ ናቸውና፣ ርካሽ ነጠላ በእጃችሁ ሲገባ ማን እንደ ሸመነው ጠይቁ።