ከጉግስ ሜዳ እስከ እንጨት ፈረስ፦ የካሩሰል ታሪክ

በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ያደጉ ከሆነ ጉግስ ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳዎትም። ጥምቀት ሲደርስ ወይም ሠርግ ሲደምቅ ፈረሰኞች ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ዘንጉን ይዞ ያባርራል፤ ሌላው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይሸሻል። ዘንጉ ካረፈበት ተመታ፤ በጋሻው ከመከተው አመለጠ። ቀጥሎ ተራው ይገለበጣል። ታዲያ ከተማ ሄደው፣ በመዝናኛ ቦታ ልጅዎን በሚሽከረከረው የፕላስቲክ ፈረስ ላይ ሲያስቀምጡት፣ “ይህ መጫወቻ እኮ የጉግስ ዘመድ ነው” ቢባሉ ያምናሉ?

ነገሩ እንዲህ ነው። “ካሩሰል” የሚለው ስም “ትንሽ ጦርነት” የሚል ትርጉም ካለው የጣሊያንኛና የስፓኝኛ ቃል እንደመጣ በሰፊው ይነገራል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ወታደሮች የቱርኮችንና የዐረቦችን የፈረስ ጨዋታ አይተው ወደ አገራቸው ወሰዱት ይባላል። በቱርክ “ጂሪት” የሚባለው ጨዋታ ዛሬም አለ፤ ሁለት ወገን ሆነው በፈረስ እየጋለቡ ዘንግ ይወራወራሉ። የእኛን ጉግስ ያየ ሰው መንትያው ነው ቢል አይፈረድበትም።

ጎንደር ላይ ዐፄ ፋሲል ነግሠው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1662 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የወንድ ልጁን መወለድ ለማክበር ፓሪስ ውስጥ ታላቅ የፈረሰኞች ትርኢት አዘጋጀ። ትርኢቱ የተካሄደበት አደባባይ እስከ ዛሬ “የካሩሰል አደባባይ” ይባላል። ከውድድሮቹ አንዱ በሚጋልብ ፈረስ ላይ ሆኖ የተንጠለጠለ ቀለበትን በጦር መውጋት ነበር። ለዚህ ደግሞ ልምምድ ያስፈልጋል። ፈረሱ እንዳይደክም ሲባል መሐል ላይ ምሰሶ ተተከለ፤ ከምሰሶው በተዘረጉ አግዳሚዎች ላይ የእንጨት ፈረሶች ታሰሩ፤ ሰው ወይም እንስሳ እየገፋ ያዞራቸው ጀመር። የጦር መለማመጃው ቀስ በቀስ የልጆች መጫወቻ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

እስቲ አውድማን ያስታውሱ። በውቂያ ጊዜ በሬዎቹ ጎን ለጎን ተጠምደው ሲዞሩ፣ የዳሩ በሬ ከመሐሉ የበለጠ ይደክማል አይደል? ሁሉም እኩል ጊዜ ነው የሚዞሩት፤ የዳሩ ግን ረጅም መንገድ ይሄዳል። ካሩሰልም እንዲሁ ነው። ከመሐሉ 3 ሜትር ርቆ ከተቀመጠው ልጅ ይልቅ 6 ሜትር ርቆ የተቀመጠው በእጥፍ ይፈጥናል። ልጆች ለዳሩ ፈረስ ቢሻሙ አይገርምም!

በጉልበት የሚዞር ካሩሰል ግን ትንሽና ቀላል መሆን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1861 ገደማ ቶማስ ብራድሾው የተባለ እንግሊዛዊ በእንፋሎት የሚዞር ካሩሰል አቀረበ። በኋላ ፍሬድሪክ ሳቬጅ የተባለው የእርሻ መሣሪያ ሠሪ ፈረሶቹን ከላይ እንደ ብስክሌት ፔዳል በታጠፈ ብረት ላይ አንጠለጠላቸው። ብረቱ ሲዞር ፈረሱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እውነትም የሚጋልብ ይመስላል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እንግሊዝ አገር እንፋሎት የልጆች መጫወቻ ማዞር በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር በጋይንት አድርገው ወደ መቅደላ ያስጎትቱ ነበር። መንገዱ የተጠረገውም፣ መድፉ የተጎተተውም በሰው ክንድ ነው። መንኮራኩሩ ነበረን፤ የሚያዞረው ሞተር ነበር ያልነበረን። ንጉሡ የእጅ ባለሙያ ፍለጋ ያን ያህል የተንገበገቡት ያለ ምክንያት አልነበረም።

የካሩሰል ወርቃማ ዘመን እስከ 1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ዘለቀ። ከዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፤ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ በእጅ የተቀረጸው እንጨትም ቦታውን ለአሉሚኒየምና ለፋይበርግላስ ለቀቀ። የተረፉት ዛሬ ቅርስ ናቸው። በጀርመን ሃናው ከተማ በ1780 የተሠራው ካሩሰል ታድሶ በ2016 እንደገና መዞር ጀመረ። በአሜሪካ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ያለው የ1876 ካሩሰል ዛሬም ይሠራል፤ ልጆች አሁንም እየዞሩ ቀለበት ይለቅማሉ። ጦሩ ቀርቶ ቀለበቱ ተርፏል ማለት ነው።

እነሱ የእንጨቱን ፈረስ በዚህ ያህል ጥንቃቄ ያኖራሉ። እኛ ዘንድ ፈረሱ ገና በሕይወት አለ። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ባህሉን አቆይቷል፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ያከብራል። የወገዳው ጉግስስ? ሕጉን፣ የፈረስ አሰለጣጠኑን፣ የኮርቻውንና የልጓሙን ስም የሚያውቁት አባቶች ናቸው፤ ይህ እውቀት ደግሞ አብዛኛው በቃል ነው ያለው። ለሚቀጥለው ጥምቀት አገር ቤት ከሄዱ፣ ፎቶ ብቻ አንስተው አይመለሱ። አንድ ሽማግሌ አጠገብ ይቀመጡና ይጠይቁ፤ የሚነግሩዎትንም ይጻፉ። አለበለዚያ የልጅ ልጆቻችን ጉግስን የሚያውቁት በፕላስቲክ ፈረስ ብቻ ይሆናል።